ንብረታችሁን የፌዴራል መኪና ቢያበላሽባችሁ፦ ከወሎ ሳትወጡ እንዴት ትከሳላችሁ?

ሐረጎ መንገድ ላይ፣ ጥግ ይዞ የቆመ ባጃጃችሁን አንድ ኮድ 4 ፒክአፕ ገጭቶ ጎኑን አጨራመተው እንበል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። ሹፌሩ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ። ስልኩን ሰጠ። «መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «የፌዴራል ከሆነማ አዲስ አበባ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ሄደህ ነው የምትከሰው፤ ለትራንስፖርትና ለአልጋ የምታወጣው ከባጃጁ ይበልጣል» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል።

አብሽሩ፣ ልደታ መሄድ አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ ሆናችሁ የፌዴራል ጉዳይ የምትከሱበት ፍርድ ቤት እዚሁ አለ። አካሄዱን በቅደም ተከተል እናየዋለን።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ይህ መመሪያ ስለሚንቀሳቀስ ንብረት ብቻ ነው፦ ስለ ተሽከርካሪ፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ከብት። የአካል ጉዳት፣ የቤትና የመሬት ክርክር ሌላ ሕግና ሌላ ስሌት አለው። በጦርነቱ የጠፋ ንብረትም በዚህ መንገድ የሚጠየቅ አይደለም።

ጉዳዩ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል?

ከሁሉ በፊት ይህን ለዩ። እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ ፋይሉ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ይመለስላችኋል፣ ወራትም ይበላል።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል የሚሆኑትን ጉዳዮች ይዘረዝራል። ለንብረት ጉዳት የሚጠቅሟችሁ እነዚህ ናቸው። አንደኛው፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱ የፌዴራል መንግሥት አካል ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ከሳሽና ተከሳሽ በተለያየ ክልል በቋሚነት የሚኖሩ ሲሆኑ ነው። ሦስተኛው የፌዴራል ሹም ወይም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። የውጭ አገር ዜጋ ያለበት ጉዳይም የፌዴራል ነው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ለወሎ ሰው ግን ዋናው እሱ ነው። የጅቡቲ መንገድ በኮምቦልቻና በባቲ ያልፋል። ባቲ ላይ በሬያችሁን የገጨው የጭነት መኪና ባለቤቱ አዳማ ነዋሪ ከሆነ፣ ወይም ሠመራ ነዋሪ ከሆነ፣ ምንም መንግሥት ሳይገባበት ጉዳዩ የፌዴራል ነው። በአንጻሩ ሐይቅ ላይ የገጫችሁ የመርሳ ሰው ከሆነ ሁለታችሁም አማራ ክልል ነዋሪ ናችሁ። ያ የክልል ጉዳይ ነው።

ሰሌዳ አያታላችሁ። ኮድ 4 መኪናው የመንግሥት መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ የየትኛው መንግሥት እንደሆነ በእሱ ብቻ አትደምድሙ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት መኪናም ኮድ 4 ነው። ማረጋገጫው ሊብሬው ላይ የተጻፈው የባለቤት ስም ነው። እሱን ከትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ወይም ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ታገኙታላችሁ።

ታዲያ የት ነው የሚከሰሰው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ለክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ሥራ በውክልና ሰጥቷል። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይይዛል። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይይዛል። በኋላ በ1995 በወጣው አዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንዳንድ ክልሎች እንዲቋቋም ተደርጓል፤ አማራ ክልል ግን ከእነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውክልናው እንዳለ ነው።

በተግባር ሲተረጎም እንዲህ ነው። ደቡብ ወሎ ከሆናችሁ ደሴ ያለው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ሰሜን ወሎ ከሆናችሁ ወልድያ ያለው፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከሆናችሁ ከሚሴ ያለው። ከሚሴ ላይ ሥራው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ስለሚችል ማመልከቻውን ከማስጻፋችሁ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

የወረዳ ፍርድ ቤት ውክልናው የለውም። ጥያቄው የ20,000 ብር ቢሆንም ተከሳሹ ፌዴራል ከሆነ ወረዳ አይሄድም። የጥያቄው ልክ ከ10 ሚሊዮን ብር ከበለጠ ደግሞ ነገሩ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይጀመራል። የባጃጅና የበሬ ጉዳይ እዚያ አይደርስም፤ ሙሉ ጭነት የተቃጠለበት ነጋዴ ግን ሊደርስ ይችላል።

«ተከሳሹ አዲስ አበባ ነው፣ እዚያ ካልሆነ አልከራከርም» ቢልስ? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 መልስ አለው። በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ ጉዳት ሲደርስ ከሳሹ ይመርጣል፤ ወይ ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ፣ ወይ ተከሳሹ ያለበት ቦታ። ምርጫው የእናንተ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ የሚያስፈልጋችሁ ቀን ይመጣል።

ቀን ቁጠሩ

ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ ሁለት ዓመት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሣ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ እንደሚቀር ይደነግጋል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ ወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው እሱ ይሠራል። ግን በዚህ አትተማመኑ። ሁለት ዓመትን የመጨረሻ ቀን አድርጋችሁ ያዙ።

ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል። አይደለም። «ከሥራ አመራር ጋር እየተነጋገርንበት ነው» የሚል ደብዳቤ አንድ ሰባት ወር ይወስዳል። ሽምግልናው በፍልሰታ ይቋረጣል፣ በረመዳን ይቋረጣል፣ በአጨዳ ይቋረጣል። ፍርድ ቤቱም ራሱ ነሐሴና መስከረም ለእረፍት ይዘጋል፤ ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ነገር ብቻ ነው። እኔ ብትጠይቁኝ ዓመት ሳይሞላው ክሱን አስገቡ እላለሁ። ክስ ገብቶም መታረቅ ይቻላል። ይርጋ ካለፈ በኋላ ግን የሚታረቃችሁም የለም።

ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሳም። የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ማስረጃ፦ ሥራው ሁሉ እዚህ ነው

የንብረት ጉዳት ክስ የሚሸነፈው ችሎት ላይ አይደለም። ጉዳቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ባለቤቱ ተናዶ ባጃጁን በቀጥታ ጋራዥ ያስገባል፣ የተሰበረውን ያስጥላል፣ ያለ ደረሰኝ ያስጠግናል። ከዚያ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚያሳየው አዲስ የመሰለ ባጃጅ ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ ተሽከርካሪዎቹን አታንቀሳቅሱ። ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ይነሳ። ፕላኑ ላይ ሦስት ነገሮች መኖራቸውን ዐይናችሁ ይይ፦ የእናንተ ንብረት የነበረበት ቦታ ከአስፋልቱ ጠርዝ በሜትር፣ የሌላው መኪና አመጣጥ አቅጣጫ፣ የፍሬን ምልክት ካለ ርዝመቱ። የጎደለ ካለ እዚያው በትሕትና «ይህም ይመዝገብልኝ» በሉ። በኋላ ማስተካከል ጣጣ ነው።

ይህን ያህል የምጨቃጨቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የባለ መኪናን ኃላፊነት ከባድ አድርጎታል። መኪናው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይከፍላል፤ ይነዳ የነበረው ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው ቢሆንም እንኳ። «ጥፋት የለብኝም» ማለት አያድነውም። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ግን ቁጥር 2084 ይመጣል። ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል፣ የጠቅላላው ጉዳት ኪሣራም ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ የምትወጡት አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱን ስታስረዱ ነው። የተጎዳው የእናንተ ባጃጅ ብቻ ሆኖ ጉዳቱ 60,000 ብር ቢሆን፣ ፕላኑ ደካማ ከሆነ የምትወስዱት 30,000 ነው። ጥርት ያለ ፕላን ግማሹን ገንዘብ ያመጣል ማለት ነው።

ፎቶ አንሱ። ከቅርብም ከርቀትም። ከርቀት ሲነሳ ሱቅ፣ የመንገድ ምልክት ወይም የቀበሌ ታፔላ ከጀርባ ይታይ፣ ቦታው እንዲታወቅ። የሌላውን መኪና ሰሌዳና የተጋጨበትን ጎን አትርሱ። ፎቶው ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፤ አሳትሙት፣ ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፉ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይቀየራል፣ ውሃ ይገባዋል።

ምስክር ሁለት ሦስት ይበቃል። ያየ ይሁን እንጂ የሰማ አይሁን። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቀበሌ፣ ስልክ ያዙ። ቡና የምታፈላው እትዬ ሁሉን አይታ ይሆናል፤ «ምስክር ይሆኑኛል ወይ?» ብላችሁ በዚያው ቀን ጠይቋት። ከዓመት በኋላ «እኔ ፍርድ ቤት አልወድም» ልትል ትችላለች።

ከዚያ የዋጋ ማስረጃ ይመጣል። ከመጠገኑ በፊት ከሦስት ጋራዦች ማህተም ያለው ፕሮፎርማ አውጡ። መለዋወጫው አዲስ ወይስ ያገለገለ፣ የእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ በተለያየ መስመር ይጻፍ። በድፍኑ «ጥገና 46,000» የሚል ፕሮፎርማ ለተከሳሽ ሲሳይ ነው። ስትጠግኑት ደግሞ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ። የተቀየረውን የተሰበረ ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራችሁ አስቀምጡ። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ቢያዝ የሚያየው ነገር ይኑር።

ከብት ከሆነ ነገሩ ይለያል። የሞተ በሬ አይቆይም። በዚያው ቀን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወይም የቀበሌው ግብርና ባለሙያ መጥቶ በወረቀት ያረጋግጥ፦ ዕድሜው፣ የሞተበት ምክንያት፣ የእርሻ ነው ወይስ የድልብ። የገበያ ዋጋውን ባቲ ወይም የቅርባችሁ ገበያ ላይ ከሚሸጡ ነጋዴዎች በምስክር ታስረዳላችሁ።

የባለቤትነት ወረቀት የብዙዎች ገደል ነው። ባጃጁን ገዝታችሁታል፣ ገንዘቡን ከፍላችኋል፣ ሦስት ዓመት ነድታችሁታል፤ ሊብሬው ግን አሁንም በሻጩ ስም ነው። ስም ማዛወሪያው ብዙ ነው ተብሎ ቀርቷል። የተከሳሽ የመጀመሪያ መቃወሚያ «ከሳሹ ባለቤት አይደለም፣ የመክሰስ መብት የለውም» ይሆናል። መፍትሔው ክስ ከመግባቱ በፊት ስሙን ማዛወር ነው። ካልሆነ ሻጩ ራሱ ይክሰስ፣ ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ውክልና ይስጣችሁ። ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለወፍጮ ሞተር የግዢ ደረሰኝ ከሌላችሁ ደግሞ ዕቃው የእናንተ መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ይመሰክሩላችኋል።

ሁሉንም ወረቀት በሁለት ቅጂ ያዙ፣ ሁለቱ በአንድ ቤት አይቀመጡ። በጦርነቱ ጊዜ ስንት ሰው ሰነዱን እንዳጣ እናውቃለን።

ማንን ትከሳላችሁ?

ሹፌሩን ብቻ መክሰስ ከንቱ ድካም ነው፤ ደመወዙ ይታወቃል። የመኪናውን ባለቤት ክሰሱ፣ ሹፌሩን ሁለተኛ ተከሳሽ አድርጉት። ባለቤቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ስሙን በማቋቋሚያ አዋጁ ወይም በደንቡ ላይ እንደተጻፈው ሙሉውን ጻፉ። «የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ» ብላችሁ ቅርንጫፉን አትክሰሱ። ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፤ ክሱም በዚያ ምክንያት ይወድቃል።

ጉዳቱ በመኪና ካልሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ ዕቃችሁን ካበላሸ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 ልዩነት ይመጣል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግሥትን ትጠይቃላችሁ። የግል ጥፋት ከሆነ ሰውየውን ብቻ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካልለየላችሁ ሁለቱንም ክሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ ይለየው።

ኢንሹራንስስ? ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የወሰነው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። አሁን የሚሠራውን ልክ ከኢንሹራንሱ ጠይቁ። ከጣሪያው በላይ ያለውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። የመድን ኩባንያውን ስምና የውሉን ቁጥር ከፖሊስ ሪፖርት ውሰዱና መጀመሪያ ለኩባንያው በደብዳቤ አመልክቱ። አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ፣ ተከሳሹ ራሱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 ኩባንያውን ወደ ክርክሩ ይጠራዋል።

የራሳችሁ ሙሉ ኢንሹራንስ ከፍሏችሁ ከሆነ ያንኑ ገንዘብ ደግማችሁ አትጠይቁ። የከፈለው ኩባንያ በእናንተ ቦታ ተተክቶ ይጠይቃል። እናንተ የምትጠይቁት ያልተከፈላችሁን ነው።

ስንት ትጠይቃላችሁ?

ሕጉ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ከዚያ በላይ መጠየቅ ገንዘብ አይጨምርም። የዳኝነት ክፍያችሁን ይጨምራል፣ ዳኛው ፊትም ያስገምታል።

ለባጃጁ ስሌቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ጥገና 46,000 ብር። መጎተቻ 3,000 ብር። የቀረ ገቢ በቀን 600 ብር ለ21 ቀን፣ 12,600 ብር። ድምር 61,600 ብር።

የቀረ ገቢ ላይ ተጠንቀቁ። 600 የተባለው ቤንዚን፣ የረዳትና የጥገና ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ነው። ግብር የምትከፍሉበት ወረቀት በቀን 150 ብር የሚል ከሆነና ፍርድ ቤት 600 ካላችሁ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ችሎት ላይ ይገናኛሉ። 21 ቀኑም ጋራዡ በጻፈው የገባበትና የወጣበት ቀን ይደገፍ። ባጃጁን ስድስት ወር አቁማችሁ የስድስት ወር ገቢ አትጠይቁ፤ «ለምን ቶሎ አላስጠገንከውም?» ይባላል።

ልኩን በትክክል ማስረዳት በማይቻልበት ቦታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ተገቢ መስሎ በታየው ልክ፣ እንዲወስን ይፈቅድለታል። ይህ የምትጠጉበት ጥግ እንጂ የምትነሱበት አይደለም። ከዋናው ገንዘብ በተጨማሪ ሕጋዊ ወለድ፣ ማለትም በዓመት 9 በመቶ፣ እና ወጪና ኪሣራ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁት አይሰጣችሁም።

ከክሱ በፊት አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ሽምግልና

ለመሥሪያ ቤቱ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ ምን እንደደረሰ፣ ስንት እንደምትጠይቁ፣ በ30 ቀን መልስ እንደምትጠብቁ። በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት። ለጸሐፊው «ጋሼ፣ በእኔ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፉልኝ፣ ማህተምም ይምቱበት» በሉት። ማህተም ያረፈበት ቅጂ ከሌላችሁ ደብዳቤ ጽፈናል አትበሉ።

ከግለሰብ ጋር ከሆነ ክርክሩ፣ በተለይ ከአፋር ወንድሞቻችን ጋር በግመልና በከብት ከሆነ፣ እኔ ሽምግልናውን አስቀድማለሁ። ወሎ አበጋር፣ ማለትም አስታራቂ ሽማግሌ፣ አለው። የከብት ባለቤት ከብቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ሕጉ በቁጥር 2071 ቢልም፣ ፍርዱን ይዞ ቆላ ወርዶ ማስፈጸም ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌ የያዘው እርቅ ቶሎ ይከፈላል። ብቻ እርቁ በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት፣ መቼ፣ ማን ይፈርማል። በዱዓ ብቻ የተዘጋ ነገር ይርጋን አያቆምም።

ክሱን መጻፍ

ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ፈጣን ናቸው፤ ግን ብዙ ጊዜ ርዕሱን እንደ ተራ የክልል ጉዳይ ይጽፉታል። ይህን መስመር ራሳችሁ ስጧቸው፦

«በውክልና በተሰጠው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የዳኝነት ሥልጣን ጉዳዩን ለሚያየው ለደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ደሴ።»

ይህ መስመር የይግባኙን መንገድም ይወስናል። በማመልከቻው መጀመሪያ ላይም ለምን ፌዴራል እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፦ «1ኛ ተከሳሽ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት በመሆኑ…» ወይም «ከሳሽ በአማራ ክልል፣ ተከሳሽ በኦሮሚያ ክልል በቋሚነት ነዋሪ በመሆናችን…»።

ፍሬ ነገሩ አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ «… ቀን … ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ በኮምቦልቻ ከተማ … ቀበሌ ከአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ ውጭ ባቆምኩት የሰሌዳ ቁጥሩ … የሆነ ባጃጅ ላይ፣ የ1ኛ ተከሳሽ ንብረት የሆነውና 2ኛ ተከሳሽ ሲያሽከረክረው የነበረው ተሽከርካሪ ከኋላ መጥቶ በመግጨት በዝርዝሩ የተመለከተውን ጉዳት አድርሷል።» ምሬት፣ ስድብ፣ «ሆን ብሎ ሊያጠፋኝ» የሚል ነገር አይግባ። የማታስረዱትን ነገር መጻፍ ለተከሳሽ መሣሪያ ማቀበል ነው።

ከዚያ ዳኝነቱ ይከተላል፦ ስንት ብር፣ ከመቼ ጀምሮ ወለድ፣ ወጪና ኪሣራ። መጨረሻ ላይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣችሁ ትፈርማላችሁ።

የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር ተያይዞ ይገባል። እያንዳንዱ ምስክር አድራሻው ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያስረዳም ይጻፍ። በተከሳሽ ወይም በፖሊስ እጅ ያለ ሰነድ ካለ «ፍርድ ቤቱ ይዘዝልኝ» ብላችሁ እዚያው ጠይቁ። «በኋላ አቀርባለሁ» የሚባለው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ ሳይገባ ይቀራል።

ባለ መኪናው ግለሰብ ከሆነና መኪናውን ይሸጠዋል ብላችሁ ከሠጋችሁ፣ ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታ በቃለ መሐላ አስደግፋችሁ አስገቡ፦ ስመ ሀብቱ እንዳይዛወር ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጻፍልኝ ብላችሁ።

ማስገባት፣ መጥሪያ፣ ችሎት

ዋናውን፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ ቅጂ፣ ለራሳችሁ አንድ ይዛችሁ ሬጅስትራር ጋ ትቀርባላችሁ። የዳኝነት ክፍያው በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ይሰላል። መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌ አስመስክሮ በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ጥያቄያችሁ ትንሽ ከሆነ የጠበቃው ክፍያ ካሣውን ሊበላው ይችላል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ካለ ጠይቁ።

መዝገብ ቁጥር ሲሰጣችሁ ስልካችሁ ላይም መዝግቡት። መጥሪያውን ብዙ ጊዜ ለተከሳሽ የምታደርሱት እናንተ ናችሁ። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ መሄድ ካለባችሁ ለዚህ ነው፤ ዘመድም ሊያደርስላችሁ ይችላል። መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ማህተም ያኑርበት። «አልቀበልም» ካሉ ያደረሰው ሰው በቃለ መሐላ ለችሎቱ ይግለጽ።

በቀጠሮው ቀን አትቅሩ። ተከሳሽ ከቀረ ክርክሩ በሌለበት ይቀጥላል። እናንተ ከቀራችሁ መዝገቡ ይዘጋል፣ ቀጠሮ ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ በ4 ሰዓት ብትደርሱም እንደዚያው። ከላሊበላ ወይም ከወረኢሉ የምትመጡ ከሆነ ዋዜማውን ግቡ።

ተከሳሹ መልሱን ሲያቀርብ መቃወሚያዎች ይደረድራል፦ ሥልጣን የለም፣ ቦታው አይደለም፣ ይርጋ አልፏል፣ ባለቤት አይደለም። አትደንግጡ። ለአራቱም ከላይ ተዘጋጅታችኋል። ከዚያ ዳኛው ጭብጥ ይይዛል፣ ምስክር ይሰማል፣ ካስፈለገ ባለሙያ ይገምት ይላል። ለምስክሮቻችሁ ምን እንደሚሉ አታጥኗቸው፤ ያዩትን እንዲናገሩ ብቻ ንገሯቸው። የተጠና ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል።

የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባልም የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም።

ፍርዱ ከወጣ በኋላ

ይግባኙ ከፍርዱ ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣኑ ያየዋል። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይወስዳል። የፍርዱን ግልባጭ በወጣበት ሳምንት ጠይቁ፤ ለይግባኝም ለአፈጻጸምም ያስፈልጋል።

ፍርድ በራሱ ገንዘብ አያመጣም። የአፈጻጸም መዝገብ ለብቻው ይከፈታል። መጀመሪያ ግን የፍርዱን ግልባጭ በደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስና ሕግ ክፍል አስገቡ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁን ጨምራችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀቱ ከተሟላ መክፈሉ አይቀርም፤ የሚያጓትተው የበጀት መዝጊያ ላይ ስትደርሱ ነው፣ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ሞክሩ። ግለሰብ ከሆነና አልከፍልም ካለ የአፈጻጸም ማመልከቻችሁ ላይ ንብረቱ የት እንዳለ ራሳችሁ ጠቁሙ፦ የሰሌዳ ቁጥር፣ የባንኩ ስም፣ የቤቱ አድራሻ። ንብረቱ አዳማ ከሆነ የደሴው ችሎት አፈጻጸሙን ወደዚያው ፍርድ ቤት ይመራዋል። ፍርድ ለማስፈጸም 10 ዓመት አላችሁ፤ ግን መኪናው እስከዚያ ሦስት ባለቤት ሊቀያይር ስለሚችል እግዱ አሁንም መዝገቡ ላይ መኖሩን ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በየጊዜው አረጋግጡ።